ለሁለት ሰው የምትሆን ዶቅዶቄ
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ክረምት ለጥናት ገጠር በወጣን ጊዜ፣ በተውሶ ባገኘናት ዶቅዶቄ ከኋላ የተቀመጠው ጓደኛችን እግሩን የሚያሳርፍበት አጥቶ ባቱን የጭስ ማውጫው ጠበሰው። ጠባሳው ዛሬም አለ። አሁን ገንዘብ አዋጥተን አንዲት ልንገዛ ስንነሣ ግን ክርክራችን ሁሉ ስለ ሞተሩ ጉልበት ሆኖአል።

እኛ ምርመራው ከኋላ ይጀመር እንላለን። እንደ ያማሃ ዋይ ዜድ 250 ያሉት የእሽቅድምድም ሞተር ብስክሌቶች የተሳፋሪ መርገጫ ቀርቶ የፊት መብራት እንኳ የላቸውም። ለእርሻ ሥራ የተሠራው ኤጂ 200 ብርቱ ነው፤ ሆኖም ከኋላው ያለው የዕቃ መጫኛ ለጆንያ እንጂ ለሰው አልታሰበም። መርገጫ ቢኖርስ ከምን ላይ ታስሮአል? ጐንበስ ብሎ ማየት ነው። ከኋላው ጎማ ጋር ከሚወዛወዘው ብረት ላይ ከሆነ፣ ጎማው ድንጋይ በመታ ቍጥር የተሳፋሪው ጕልበት አብሮ ይዘላል። ከሻንሲው ላይ የታሰረው ይሻላል።

ስለ ሞተሩ፣ በአየር የሚቀዘቅዝ ባለ አራት ምት፣ 150 ወይም 200 ሴ.ሜ. ኩብ ያህል ይበቃናል። ሆንዳ ኤክስ አር 150 ኤል 149 ነው፤ ወንበሩ ረዥም፣ መርገጫም ያለው። ባለ ሁለት ምቱ ቀላል ቢሆንም ሁለት ሰው ጭኖ ዳገት በዝግታ ሲወጣ ይደክማል።

ያገለገለች ከተገኘች ደግሞ ሁለት ሆነን እንቀመጥባት። የኋላው ሞላ ጨርሶ ከተኛ፣ ዳገት ላይ የፊቱ ጎማ ይቀላል፤ መሪውም አይታዘዝም። ባቱ የተጠበሰው ጓደኛችን ለሙከራው ከኋላ ለመቀመጥ ፈቅዶአል፤ ወፍራም ሱሪ የሚያውሰው ብቻ ይፈልጋል።