ከሚዛኑ በታች ያለችው መርከብ



በሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በአሌክሳንድሪያ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ስለ ሰንደቅ ዓላማ ክርክር አጥተን አናውቅም። አንበሳ ያለበት ይሁን፥ ኮከብ ያለበት፥ ወይስ ልሙጡ እያልን ብዙ ተሟግተናል። ዛሬ ግን በሥሩ እያለፍን ልብ ስለማንለው ስለ አሌክሳንድሪያ ከተማ ዓርማ እንናገራለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጅ አቈጣጠር ናቸው።

ስሟን ስንሰማ ጳጳስ ይመጣልን የነበረባት እስክንድርያ ትታወሰናለች። ይህች ግን በ1749 የተቈረቈረች፥ ስሟንም ከባለ መሬቶቹ ከአሌክሳንደር ቤተ ሰብ የወሰደች የወንዝ ወደብ ናት። በዓርማዋ ላይ ሸራዋን የዘረጋች መርከብ፥ ከመርከቢቱም በላይ የተስተካከለ ሚዛን ተሥሎ ይታያል። መርከቢቱ ንግድን፥ ሚዛኑ ፍትሕን ያመለክታሉ።

ነገር ግን በመርከብ ሆድ ውስጥ የሚጫነው ምን ነበር? ትምባሆና ዱቄት ብቻ አልነበረም። ከ1828 እስከ 1836 በዱክ ጎዳና ቍጥር 1315 ፍራንክሊንና አርምፊልድ የተባለው የንግድ ማኅበር በሺሕ የሚቈጠሩ ጥቁሮችን እየገዛ፥ ልጅን ከእናት እየለየ፥ በገዛ መርከቦቹ ወደ ኒው ኦርሊንስ ይልክ ነበር። ሚዛኑ ለነዚህ ሰዎች አልመዘነላቸውም። ከተማዪቱ የምትገኝበት የቨርጂኒያ ግዛትም ከ1776 ጀምሮ ዓርማው አምባገነንን የረገጠች አርበኛ ናት፤ ዓርማውን ካጸደቁት ሹማምንት ግን ብዙዎቹ ባሪያ አሳዳሪዎች ነበሩ።

እንግዲህ ዓርማው ይፋቅ እንላለን? አንልም። ሚዛኑ የተሰቀለው ለነጋዴው ክብር ቢሆንም፥ ለተበደለው ምስክር ሆኖ ቈይቷል። ያንን ቤት ከተማዪቱ በ2020 ገዝታዋለች፤ ዛሬም ሙዚየም ሆኖ በዚያ የተፈጸመውን ግፍ ይናገራል።

ወደ ራሳችን እንመለስ። አንበሳው የዘውዱን ክብር ሲያውጅ፥ ከአንበሳው በታች ገባሩ ምን ተሸክሟል ብለው የጠየቁት በ1965 «መሬት ላራሹ» እያሉ አደባባይ የወጡት ተማሪዎች ናቸው። በ1996 የታወጀው ኮከብም የሕዝቦች እኩልነትና አንድነት ምልክት ተብሏል፤ እርሱንም በዚሁ ቃሉ ልንመዝነው ይገባል። ልሙጡን የምንይዝም ከዚህ ጥያቄ አናመልጥም፤ ምልክት ማንሣት ዕዳን አያነሣምና።

ስለዚህ ወገኖቻችን፥ በሰንደቅ ዓላማው ላይ ምን ይሣል ብለን ከመጣላታችን በፊት፥ በሥሩ የሚኖረው ሰው እንዴት ይኖራል ብለን እንጠያየቅ። ሥዕሉን ሠዓሊ ይሠራዋል፤ ሚዛኑን የሚያስተካክለው ግን የሰው ሥራ ነው።