የተሰነጠቀውን አትጣሉት



ውድ ተመራቂዎች፣ የምረቃ ሥራዎቻችሁ ያማሩ ናቸው፤ ሊደነቁም ይገባል። እኔ ግን ዛሬ ላነሳ የምፈልገው ለእይታ ስላልቀረቡት ነው፤ ምድጃ ውስጥ ስለፈነዳው ሸክላ፣ መዶሻ ጠንከር ብሎ ስላረፈበት ድንጋይ፣ ህትመቱ ሳያልቅ ስለተሰነጠቀው የእንጨት ሰሌዳ። ከተማራችሁት ውስጥ ብዙው ያለው እነሱ ዘንድ ነው ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ያልተሳካ ሥራ ተጠብቆ ሊቀመጥ፣ ምክንያቱ ሊጻፍለትና እንደ ማንኛውም ሥራ ሊመዘን ይገባዋል እላለሁ።

ከሸክላ ልጀምር። ጭቃ ሲደርቅ ውኃው ስለሚወጣ ይኮማተራል። ቀጭኑ ከንፈር ከወፍራሙ መቀመጫ ቀድሞ ከደረቀ ሁለቱ እኩል ስለማይኮማተሩ ዕቃው ይሰነጠቃል። ውስጡ ሳይደርቅ ምድጃ ከገባ ደግሞ እርጥበቱ እንፋሎት ሆኖ መውጫ ሲያጣ ያፈነዳዋል። ይህን ከመጽሐፍ ማንበብ ይቻላል። በክረምት አንድ ማሰሮ ስንት ቀን ጥላ ሥር መቆየት እንዳለበት የሚያውቀው ግን ስንጥቁን አገላብጦ ያየ ሰው ነው። ስንጥቁ ከእጀታው ሥር ከጀመረ፣ ብዙ ጊዜ እጀታው ሲለጠፍ ከገላው ይበልጥ እርጥብ ነበር ማለት ነው። ዕቃው ሲጣል ይህ ማስረጃም አብሮ ይጣላል። ሸክላ ሠሪዎች ከዚህም አልፈው ሄደዋል፤ ገሉን ፈጭተው ከአዲሱ ጭቃ ጋር ያዋህዱታል። ገሉ በእሳት ያለፈ ስለሆነ ከጭቃው ጋር አይኮማተርም፤ አዲሱ ዕቃ ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅም ያግዘዋል። የብራና ሥራም እንዲሁ ነው። ፍየሉ ሲገፈፍ ቢላዋ የነካት ትንሽ ቀዳዳ ቆዳው ሲወጠር እየተለቀች ትሄዳለች። ባለሙያው በክር ይጠግናታል፤ ካልተጠገነችም ጸሐፊው ዙሪያዋን ይጽፋል። በብራና መጻሕፍታችን ላይ ይህ ዛሬም በግልጽ ይታያል፤ ነውር ነው ብሎ የሸፈነው የለም።

እዚህ ላይ አንድ ወላጅ፣ “ይህ ለሀብታም አገር ተማሪ ነው፤ ቀለሙም ሸራውም ከውጭ የሚመጣ፣ ዋጋው የማይቀመስ ነው” ቢለኝ አልፈርድበትም። እውነት አለው። ነገር ግን ድህነቱ ራሱ የእኔን ሐሳብ ያጠናክራል፤ ለተበላሸው ሸራ ወላጅ ከፍሏልና። ምክንያቱ ሳይታወቅ ከተጣለ ያው ስህተት ሌላ ሸራ ያስከፍለዋል። ደግሞም ስህተቱ ቀደም ብሎ፣ በርካሽ ነገር ላይ እንዲመጣ ማድረግ ይቻላል። ለምሳሌ፣ በ1919 እ.ኤ.አ. በጀርመን ቫይማር የተከፈተው ባውሃውስ ከጦርነት ሽንፈት ማግስት የተወለደ የሥነ ጥበብና የዲዛይን ትምህርት ቤት ነው። ጆሴፍ አልበርስ እዚያ ማስተማር በጀመረበት በ1923 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ ገንዘብ ዋጋ አጥቶ ነበር። አልበርስ ለጀማሪዎቹ ወረቀትና ጋዜጣ እየሰጠ፣ ሳታባክኑ የወረቀቱን ጠባይ የሚያሳይ ነገር ሥሩበት ይላቸው ነበር። የወረቀቱን ጉልበትና ድካም የተማሩት እያጠፉና እየቀደዱ ነው። ካርቶን፣ ጆንያና ጭቃ ደግሞ በእኛም አገር አይጠፋም።

ከዚህ የከበደው ጥያቄ የገበያው ነው። ደንበኛ የሚከፍለው ላለቀለት ሥራ ነው፤ ዛሬ ደግሞ ኮምፒውተር ምስሉን በሰከንዶች ይሠራል፤ ታዲያ የእጅ ስህተት ለምን ይጠቅማል? ምስሉ ወደ ዕቃ መለወጥ ሲጀምር ይጠቅማል። ስክሪን ላይ የደመቀው ሰማያዊ ማተሚያ ቤት ሲደርስ ይደበዝዛል፤ ስክሪኑ ብርሃን ያመነጫል፣ ወረቀቱ ግን ያረፈበትን ብርሃን ነው የሚመልሰው። በሥዕል ያማረ ወንበር ሰው ሲቀመጥበት እግሩ ሊከፈት ይችላል። ደንበኛው የአምስት ሺህ ቅጂ ዋጋ ከመክፈሉ በፊት “ይህ እንዲህ አይወጣም” የሚለው ባለሙያ ያስፈልገዋል። ያንን በድፍረት የሚናገረው ቀደም ሲል በትንሹ ተሳስቶ ምክንያቱን የመረመረ ነው። ግዴለሽነትን ማሞገሴ እንዳልሆነ ግን ይያዝልኝ። ያንኑ ስህተት ሳይመረምር የሚደጋግም ተማሪ ዝቅተኛ ውጤት ቢያገኝ ተገቢ ነው።

ስለዚህ መምህራንን እለምናለሁ፤ በሚቀጥለው ዓመት ዐውደ ርእይ አንድ ግድግዳ ላልተሳኩ ሥራዎች ስጡ። ከእያንዳንዱ ሥር ምን ታስቦ እንደነበር፣ የት እንደተበላሸ፣ ቀጥሎ ምን እንደተለወጠ ይጻፍ፤ ከማርኩም ድርሻ ይኑረው። ቀጣሪዎችም ፖርትፎሊዮ ስትመለከቱ “ያልሆነልህን አሳየኝ፤ ያልሆነልሽን አሳዪኝ” በሉ። እናንተም ተመራቂዎች፣ ስቱዲዮውን ለተተኪዎቻችሁ ስታስረክቡ የተሰነጠቀውን ከምክንያቱ ጋር አስቀምጡላቸው።