«ከዘር ነው እንዴ?»፦ አንድ እናት የጠየቁኝ ጥያቄ

(በተመራቂዎች የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ከሙያሽ አንድ ነገር ንገሪን» ሲሉኝ ብዙ ነገር አሰብኩ። በመጨረሻ የመረጥኩት የተሳሳትኩበትን ነው። እዚህ ግቢ ውስጥ ራውንድ ላይ መሳሳት እንዴት እንደሚያስፈራ ታስታውሳላችሁ። ዛሬ ነጥብ የሚቀንስብኝ ስለሌለ ደፍሬ እናገራለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ወደምሠራበት ሆስፒታል መጣ። ትኩሳትና ራስ ምታት ከጀመረው አራተኛ ቀኑ ነበር። መጀመሪያ ወባ ነው ተብሎ ታከመ፤ መቀባዠር ሲጀምር ጸበል ተወሰደ፤ እኛ ጋ የደረሰው ሰውነቱን ካንዘፈዘፈው በኋላ ነው። እኔም ማጅራት ገትር ነው ብዬ ሴፍትሪአክሶን አስጀመርኩት። አሳይክሎቪር ያዘዝኩለት በማግስቱ ማታ ነው። በመርፌ የሚሰጠው ደግሞ እኛ ጋ ስላልነበረ፣ ቤተሰቡ ከውጭ ገዝቶ እስኪያመጣ ሌላ ቀን አለፈ።

ልጁ ተረፈ። ቤተሰቡም እኛም ደስ አለን። በቀጠሮው ቀን እናቱ ይዘውት መጡ። ስሙን ተናገረ፣ እናቱን ያውቃል። ከዚያ «ፈተናው መቼ ነው?» አለኝ። ፈተናው ካለፈ ወር ሆኖታል። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ደግሞ ጠየቀኝ። እናቱ በጠየቀ ቁጥር «ገና ነው፣ የኔ ልጅ» ይሉታል።

ሲወጡ እናቱ ወደኋላ ቀረት ብለው «ዶክተርዬ፣ ከዘር ነው እንዴ? ታናሽ እህቱንስ ይይዛት ይሆን?» አሉኝ። «አይ እናቴ፣ ቫይረስ ነው እኮ፤ ከዘር ጋር አይገናኝም» ብዬ ሸኘኋቸው። እንግዲህ ስህተቴ ሁለት ነው፤ አንዱ የዘገየው መድኃኒት፣ ሌላው ይህ መልስ።

ሄርፐስ ሲምፕሌክስ ከንፈር ላይ የሚወጣውን፣ በተለምዶ ምች የምንለውን የሚያመጣ ቫይረስ ነው። ከዓለም ሕዝብ ከግማሽ በላይ ይሸከመዋል። አንጎል ገብቶ ብግነት የሚያስነሳው ግን በዓመት ከአንድ ሚሊዮን ሰው ከ2 እስከ 4 በሚሆኑት ላይ ብቻ ነው። ካልታከመ ከ100 ሕሙማን 70 ያህሉን ይገድላል። በተለይ የሚያጠቃው ከጆሮ ወደ ውስጥ ያለውን፣ አዲስ ትውስታ የሚቀረጽበትን የአንጎል ክፍል ስለሆነ፣ ከሞት የተረፈውም ብዙ ጊዜ ትውስታው ይጎዳል።

ታዲያ ሁሉም ተሸክሞት ሳለ ለምን ጥቂቶቹን ብቻ? እ.ኤ.አ. በ2006 እና በ2007 ፓሪስ ውስጥ የፕሮፌሰር ዣን ሎራን ካዛኖቫ ቡድን በዚህ ሕመም በተያዙ፣ ከዚያ በፊት ጤነኛ በነበሩ ልጆች ላይ የጂን ጉድለት አገኘ። አንደኛው ጂን ቲኤልአር3 ይባላል። ሥራው የዘበኛ ነው፤ የነርቭ ሕዋስ ውስጥ የቫይረስ ምልክት ሲያይ ኢንተርፌሮን እንዲመረት ያደርጋል። ዘበኛው ካንቀላፋ ቫይረሱ አንጎል ውስጥ እንደልቡ ይባዛል። የሚገርመው፣ እነዚህ ልጆች ሌላውን ኢንፌክሽን እንደማንኛውም ልጅ ይቋቋማሉ። ያንኑ ጉድለት ይዘው ምንም ሳይሆኑ የኖሩ ዘመዶችም አሏቸው። ጂኑ ያጋልጣል እንጂ አይፈርድም ማለት ነው።

ኮቪድ ሲመጣ ይኸው መስመር እንደገና ታየ። በ2020 እነዚሁ ተመራማሪዎች በጠና ከታመሙት በጥቂቶቹ ላይ የኢንተርፌሮን መስመር ጂኖች ጉድለት አገኙ። በተጨማሪም በጠና ከታመሙ 987 ሰዎች 101ዱ የገዛ ኢንተርፌሮናቸውን የሚያከሽፍ አንቲቦዲ ነበራቸው። በ2022 ደግሞ የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች የ785 ሰዎችን አንጎል በሁለት ጊዜ አነሥተው አነጻጸሩ። በመካከሉ ኮቪድ በያዛቸው 401 ሰዎች ላይ ከማሽተትና ከትውስታ ጋር በተያያዙ የአንጎል ክፍሎች መጠነኛ መሳሳት ታየ፤ አብዛኞቹ ሆስፒታል እንኳ አልተኙም። «ዶክተር፣ ሐሳቤ ይበተናል፤ እረሳለሁ» ያሉኝን፣ እኔ ግን «ውጥረት ነው» ብዬ የሸኘኋቸውን ሰዎች ያን ጊዜ አስታወስኳቸው።

እናትየውን መልሼ አስጠራኋቸው። «ባለፈው የተናገርኩት ሙሉ አልነበረም» አልኳቸው። «አብዛኛውን ጊዜ ከዘር አይደለም። በጥቂት ልጆች ላይ ግን ከዘር የሚመጣ ተጋላጭነት አለ፤ የልጅዎን መርምረን ለማወቅ እኛ ጋ መሣሪያው የለም። ቢሆንም እንኳ እህቱ ትታመማለች ማለት አይደለም። ትኩሳት ይዟት ከቀባዠረች ግን አንድ ሰዓትም አይጠብቁ።» ዝም ብለው ሰሙኝና «እንዲህ ብለሽ ብትነግሪኝ ኖሮ እስከ ዛሬ እንቅልፍ አላጣም ነበር» አሉኝ።

ስለዚህ ልመናዬ ሦስት ነው። ለሐኪሞች፦ ትኩሳት ይዞት የቀባዠረ ወይም ያንዘፈዘፈው ሰው ስታዩ፣ ውጤት ሳትጠብቁ አሳይክሎቪር ጀምሩ፤ ካልሆነ ማቆም ይቻላል። ከዳነም በኋላ በቀጠሮው ስለ ትውስታው ጠይቁት። ለሆስፒታል ኃላፊዎች፦ በመርፌ የሚሰጠው አሳይክሎቪር ከመጋዘን አይጥፋ። ለመምህሮቻችን፦ በኮቪድ ጊዜ ብዙ የተወራለት፣ ከኒያንደርታል የተወረሰው የክሮሞዞም 3 ተጋላጭነት በአውሮፓና በተለይ በደቡብ እስያ ሲገኝ፣ በአፍሪካ የለም ማለት ይቻላል። የሌላ አገር ውጤት የእኛን ሕመምተኛ አይገልጽም ማለት ነው። የእኛን ጂን የሚያጠኑ ተማሪዎች ከዚህ ግቢ ይውጡልን፤ ለቀጣዩዋ እናት የተሟላ መልስ የሚኖረን ያን ጊዜ ነው።

 የከርሞ ሰው ይበለን።