የሰሌዳ መስመሮች ርቀት በፎገራ ሜዳና በደብረ ታቦር ከፍታ

(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚያልፈው መንገድ ወረታ ሲደርስ አንዱ ቅርንጫፉ ወደ ምሥራቅ ታጥፎ ወደ ደብረ ታቦር ይወጣል። ወረታ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ ደብረ ታቦር ከ2,600 ሜትር ትበልጣለች። ይህ አጭር ጉዞ ለኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ነዳፊ ትልቅ ቁም ነገር አለው፤ በሰሌዳው ላይ በሁለት የመዳብ መስመሮች መካከል ሊተው የሚገባው ርቀት በሁለቱ ከተሞች አንድ አይደለምና።

ርቀቱ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በአየር ውስጥ በቀጥታ የሚለካው ሲሆን፣ ሁለተኛው የሰሌዳውን ገጽ ተከትሎ የሚለካው ነው። የአየሩን ሕግ ጀርመናዊው ፍሬድሪክ ፓሸን እ.ኤ.አ. በ1889 በሙከራ አሳይቷል፤ ይኸውም ብልጭታ የሚፈጥረው ቮልቴጅ በአየሩ ግፊትና በርቀቱ ብዜት የሚወሰን መሆኑን ነው። ከፍታ ሲጨምር ግፊት ስለሚቀንስ፣ ያው ርቀት የሚችለው ቮልቴጅ ያንሳል። ስለዚህም የዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን 60664 ቁጥር ደረጃ የአየር ርቀት ሰንጠረዡን እስከ 2,000 ሜትር ብቻ ወስኖ፣ ለ3,000 ሜትር በ1.14፣ ለ4,000 ሜትር በ1.29 እንዲባዛ ያዛል። የቲቤት አምባ ያላት ቻይናም ከዚህ ከፍታ በታች ብቻ እንዲሠሩ በተነደፉ መሣሪያዎች ላይ የተራራ ምልክት እንዲታተም ደንግጋለች። አዲስ አበባ ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ መሆኗን ያስታወሰ ገዢ ያንን ትንሽ ሥዕል በቸልታ ባያልፈው ይበጀዋል።

በዚህ ስሌት ወረታ ያለ ሥጋት ከሰንጠረዡ ወሰን በታች ናት። የፎገራ አደጋ ግን ከአየሩ ሳይሆን ከገጹ የሚመጣ ነው። ሜዳው ከጣና ዳር የተዘረጋ፣ ጉማራና ርብ በክረምት የሚያጥለቀልቁት ነው፤ የ1998 ዓ.ም. ክረምት ጎርፍ አይረሳም። ሜዳው የሩዝ አገር እንደ መሆኑ፣ በመፈልፈያው ቤት የገለባው ብናኝ የሞተር መቆጣጠሪያውን ሣጥን ገብቶ ሰሌዳው ላይ ይተኛል። ሌሊት መሣሪያው ሲቀዘቅዝ እርጥበት በብናኙ ላይ ይረጋል። ጠዋት ኤሌክትሪኩ ሲከፈት በእርጥቡ ስስ ሽፋን ውስጥ ጥቂት ኮረንት ይፈስሳል፤ በሙቀቱም ሽፋኑ እዚህም እዚያም ይደርቃል፤ በደረቀውም ቦታ ትናንሽ ብልጭታዎች ሙጫውን ያከስሉታል። ከሰል ደግሞ ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ነው። አየር ብልጭታው ካለፈ በኋላ ወደ ቀድሞ ጠባዩ ይመለሳል፤ የከሰለ ገጽ ግን አይመለስም።

ደረጃው ይህንን በአካባቢው ብክለት ይከፋፍለዋል። በተለመደው የመስታወት ጭረትና ሙጫ ሰሌዳ ላይ ለ250 ቮልት ረድፍ፣ ንጹሕ ቢሮ ውስጥ የሚበቃው የገጽ ርቀት 2.5 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ብናኝና ጤዛ ባለበት 4 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ወፍጮውን የሚያስነሣው ሰው እጅ ከሚነካው ወገን ለመለየት ሲሆን እጥፍ ይጠየቃልና 5 ሚሊ ሜትሩ 8 ይሆናል። በ3 ሚሊ ሜትሩ ልዩነት ላይ የቆመው እርጥብ እጅ ያለው ሰው ነው።

ቦታ ሲጠብ ሰሌዳውን በመስመሮቹ መካከል መሰንጠቅ የታወቀ ዘዴ ነው፤ የገጹን መንገድ ያረዝማልና። ሆኖም በዚህ የብክለት ደረጃ ስንጥቁ ከ1.5 ሚሊ ሜትር ከጠበበ በስሌት አይገባም፤ ብናኝ የሞላው ስንጥቅም ድልድይ ነው። ቫርኒሽ መቀባትም ይረዳል፤ ነገር ግን ከብየዳ የተረፈው ቅሪት ሳይታጠብ ከተቀባ እርጥበቱን ከሥሩ አምቆ ያስቀምጠዋል። ከዚህም በላይ ሰሌዳው አንድ ቀን መጠገኑ አይቀርም፤ የጠጋኙ መበየጃ ቫርኒሹን ባቃጠለበት ቦታ ጥበቃው ያበቃል። እንግዲህ በመዳቡ መካከል የተተወውን ርቀት ያህል የሚታመን የለም።

አንድ ሰሌዳ ለሁለቱም ከተሞች እንዲያገለግል ከተፈለገ፣ የገጹ ልክ ከፎገራ፣ የአየሩ ልክ ከደብረ ታቦር ይወሰዳል። በግድግዳ ላይ በቋሚነት ለሚተከል የ220 ቮልት መሣሪያ፣ እጅን ለሚጠብቀው ልየታ የአየሩ ርቀት 5.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለ3,000 ሜትር ሲባዛ 6.3 ገደማ ይሆናል። በዝርግ ሰሌዳ ላይ የፎገራው 8 ሚሊ ሜትር ይህንን ይሸፍነዋል። ከሰሌዳው በላይ የቆመው የሙቀት ማብረጃ ብረት ጠርዝ ግን ገጽን ሳይነካ በአየር ብቻ ወደ መስመሩ ሊቀርብ ስለሚችል፣ እርሱ ለብቻው መለካት አለበት።