የሥራ አጥ ክፍያ እንዴት ይጠየቃል? ሲዘገይስ ምን ይደረጋል?

(በቂርያት ማላኪ ለአዲስ ገቢ ቤተሰቦች የቀረበ ንግግር)



የዛሬው ጉዳያችን ገንዘብ ነው። ስለ ገንዘብ ችግር በአደባባይ ማውራት እንደ ነውር ተቆጥሮብን አድገናል። ይሁን እንጂ ሥራው ድንገት ቆሞበት፣ የቤት ኪራይ ቀን ደርሶበት፣ ልጆቹን በምን እንደሚያሳድር እያሰበ እንቅልፍ ያጣ ሰው በመካከላችን ሊኖር ይችላል። ስለዚህ በግልጽ እንነጋገር።

በመጀመሪያ ይህን ልብ በሉልኝ። የሥራ አጥ ክፍያ፣ በዕብራይስጥ ድሜ አቭታላ የሚባለው፣ ምጽዋት አይደለም። ትሉሻችሁን፣ ማለትም የደመወዝ ወረቀታችሁን ብትመለከቱ፣ በየወሩ ለቢቱዋሕ ለኡሚ የሚቆረጥ ገንዘብ ታገኛላችሁ። ይህ የሥራ አጥነት መድን በእስራኤል ከ1973 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ጀምሮ የሚሠራበት ነው። የከፈላችሁበትን ነው የምትጠይቁት፤ አንገት የሚያስደፋ ነገር የለውም።

ማን ያገኛል? በአጠቃላይ ሕጉ ሥራ ከማቆማችሁ በፊት ባሉት 18 ወራት ውስጥ 12 ወር ተቀጥራችሁ መሥራታችሁን ይፈልጋል። የቀኑ ብዛት እንደ ዕድሜና እንደ ቤተሰብ ይለያያል። ዕድሜው ከ25 በታች የሆነና ከሦስት ያነሱ ጥገኞች ያሉት እስከ 50 ቀን ያገኛል፤ ከ45 ዓመት በላይ የሆነ ደግሞ እስከ 175 ቀን ሊያገኝ ይችላል። ቅዳሜ አይቆጠርም፤ ስለዚህ 175 ቀን ማለት ወደ ሰባት ወር ይጠጋል። ገና ከመርካዝ ቅሊጣ የወጣችሁና 12 ወር ያልሞላችሁ፣ «አይመለከተንም» ብላችሁ አትሂዱ። ለእናንተ ሌላ መንገድ አለ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚሳሳትበት ነገር ልምጣ። በሮቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው በር ልሽካ፣ ማለትም የሥራ አገልግሎት ቢሮ ነው። እዚያ ሥራ ፈላጊ ሆናችሁ ትመዘገባላችሁ። ሁለተኛው በር ቢቱዋሕ ለኡሚ ነው። እዚያ የክፍያ ጥያቄውን፣ ቁጥር 1500 የሚባለውን ቅጽ፣ ታስገባላችሁ። ልሽካ ገንዘብ አይከፍልም፤ ቢቱዋሕ ለኡሚም ልሽካ ያልመዘገበውን ሰው አይከፍልም። አንዱን በር ብቻ አንኳኩቶ ወር ሙሉ መጠበቅ በከንቱ መጠበቅ ነው።

ቀኑ መቆጠር የሚጀምረው ከሥራ ከተሰናበታችሁበት ቀን ሳይሆን ልሽካ ከተመዘገባችሁበት ቀን ነው። አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። ሰውየው ሥራው መጋቢት 31 ቀን አለቀ እንበል። ሚያዝያ 1 ቀን ከተመዘገበ ያ ቀን ይቆጠርለታል። «እስቲ መጀመሪያ ሥራ ልፈልግ» ብሎ ሚያዝያ 20 ቀን ከሄደ ግን፣ ያለፉት 19 ቀናት አይመለሱም። ስለዚህ በማግሥቱ ሂዱ፤ ወይም ኮምፒውተር የሚያውቅ ሰው ይዛችሁ በኢንተርኔት ተመዝገቡ። ከዚያም ልሽካው በሰጣችሁ ቀን ሁሉ ቅረቡ። አንድ ቀጠሮ ያለ ምክንያት ማሳለፍ ገንዘብ ያስቀራል።

ስለ ፊርማም አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ፒቱሪን ማለት አሠሪው አሰናበታችሁ ማለት ነው። ሂትፓትሩት ማለት ደግሞ በራሳችሁ ፈቃድ ለቀቃችሁ ማለት ነው። ቃላቱ ለጆሮ ይመሳሰላሉ፤ በመካከላቸው ግን 90 ቀን አለ። ያለ በቂ ምክንያት በፈቃዱ የለቀቀ ሰው ለ90 ቀን አይከፈለውምና። ልሽካ የሰጠውን ተስማሚ ሥራ ያለ ምክንያት እምቢ ያለም እንዲሁ ነው። በፋብሪካም ሆነ በጽዳት ሥራ፣ አለቃው «እዚህ ላይ ፈርሚ» ሲል፣ ያልገባችሁን ወረቀት አትፈርሙ። «ቤት ወስጄ አስነብቤ እመልሳለሁ» በሉ፤ ይህ መብታችሁ ነው። በሕመም ወይም በሌላ ከባድ ምክንያት የለቀቃችሁ ከሆነም የሐኪም ወረቀቱንና ማስረጃውን ያዙ፤ ምክንያቱ ይመረመራል።

ክፍያው መቼ ይገባል? የአንድ ወር ገንዘብ በሚቀጥለው ወር በ12ኛው ቀን ወደ ባንክ ይገባል። በምሳሌያችን የሚያዝያ ክፍያ ግንቦት 12 ይደርሳል ማለት ነው። በዚያ ላይ የመጀመሪያዎቹ አምስት ቀናት አይከፈሉም። ስለዚህ ሁሉ ነገር ቢስተካከል እንኳ ስድስት ሳምንት ያህል ያለ ገንዘብ ታልፋላችሁ። ይህ መዘግየት ሳይሆን አሠራሩ ነው። እውነተኛው መዘግየት የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።

የሚዘገየውስ ለምንድን ነው? አብዛኛውን ጊዜ አንዲት ወረቀት ጎድላ ነው። አሠሪው የሥራ ዘመንና የደመወዝ ማረጋገጫ አልሰጠም፤ ትሉሽ ጠፍቷል፤ የባንክ ቁጥሩ ተሳስቷል፤ ወይም ቤተሰቡ ከመርካዝ ቅሊጣ ወደ ኪራይ ቤት ሲገባ አድራሻውን በአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር አላስለወጠም። ቢሮው «ይህን ወረቀት አምጡ» የሚል ደብዳቤ ይልካል፤ ደብዳቤው በድሮው ሳጥን ይቀራል፤ እናንተ እነሱን ትጠብቃላችሁ፤ እነሱም እናንተን ይጠብቃሉ። ከዚህ ወደ ገዴራ ወይም ወደ ያቭኔ የተዛወራችሁም አድራሻችሁን ወዲያው አስለውጡ።

ወገኖቼ፣ ያደግነው ደጅ በመጥናት ነው። ሹሙ ያየናል፣ ትዕግሥታችንን ይቆጥርልናል ብለን በዝምታ እንቀመጣለን። እዚህ አገር ግን ዝም ያለ ሰው ጉዳዩ ያለቀለት ይመስላቸዋል። አባቶቻችንም ቢሆኑ «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ብለዋል። ስለዚህ 12ኛው ቀን ካለፈ በኋላ ገንዘቡ ካልገባ፣ በማግሥቱ ኮከብ 6050 ላይ ደውሉ ወይም ቅርንጫፉ ሂዱ። «መቼ ይከፈለኛል?» ብቻ ብላችሁ አትጠይቁ። «በፋይሌ ውስጥ የጎደለው ወረቀት የትኛው ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን፣ ቀኑንና የሠራተኛውን ስም በደብተር ጻፉ። የምታስገቡትን ወረቀት ሁሉ ቅጂ አስቀሩ፤ የተቀበሉበትን ማኅተም ወይም ቁጥር ያዙ። አሠሪው ማረጋገጫ ከከለከላችሁ፣ እንደጠየቃችሁት የሚያሳይ ደብዳቤ ጽፋችሁ ከትሉሾቻችሁ ጋር ለቢሮው አቅርቡ።

መዘግየት የደረሰው በእኛ ላይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ2020 ጸደይ፣ በኮሮና ጊዜ፣ በልሽካ የተመዘገበው ሰው ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሆኖ ነበር። እዚህ ተወልዶ ያደገው ሁሉ ገንዘቡን ለሳምንታት ጠብቋል።

በጥበቃው ጊዜ ቤት እንዴት ይያዝ? በመጀመሪያ ባንክ ሂዱና በየወሩ በራሱ የሚቆረጠውን ሁሉ ዘርዝራችሁ እዩ። የማያስፈልገውን አስቁሙ፤ ገንዘብ ሳይኖር የተመለሰ ክፍያ ቅጣት ይጨምራልና። ለቤቱ ባለቤት ኪራዩ ከመድረሱ በፊት ንገሩት፤ ቀድሞ የተናገረ ሰው ይታመናል። ለአርኖና ወደ ከተማው አስተዳደር ሂዱና ስለ አዲስ ገቢ ቅናሽና በየጥቂቱ ስለ መክፈል ጠይቁ። እቁብ የገባችሁ ዕጣችሁን እንዲያስቀድሙላችሁ ዳኛውን ለምኑ። ከአራጣ አበዳሪ ግን ራቁ፤ የሁለት ወር ችግር የዓመታት ዕዳ ይሆናል። በዚህ መካከል ጥቂት ቀን ከሠራችሁም ለልሽካና ለቢቱዋሕ ለኡሚ ንገሩ፤ የተደበቀ ሥራ ኋላ ዕዳ ሆኖ ይመጣል።

12 ወር ላልሞላችሁ፣ ወይም ቤት ውስጥ ምንም ገቢ ለሌላችሁ፣ አቭታሐት ሀኽናሳ የሚባል የገቢ ድጋፍ አለ። እርሱ የሚቆጠረው ጥያቄው ከገባበት ወር ጀምሮ ስለሆነ ያለፈውን ወር አይከፍልም። ይገባኝ ይሆን ብላችሁ በሐሳብ አትቆዩ፤ ጠይቁ። ኡልፓን ላይ ያላችሁ ደግሞ በመጀመሪያ የቅሊጣ ሚኒስቴርን አማክሩ።

ጥያቄያችሁ ውድቅ ከሆነ ደብዳቤውን አትቅደዱት። ቢቱዋሕ ለኡሚ ውሳኔውን ካሳወቃችሁ በኋላ ለሥራ ፍርድ ቤት አቤት ለማለት 12 ወር አላችሁ፤ በፍትሕ ሚኒስቴር የሕግ ድጋፍ ቢሮም ጠበቃ መጠየቅ ይቻላል። ቅጽ ማስገባት በነጻ ነው፤ «እኔ አስጨርስልሃለሁ» ብሎ ገንዘብ ለሚጠይቃችሁ አትክፈሉ።

በመጨረሻም እናቶችና አባቶች፣ ልጆቻችሁን ከትምህርት ቤት አስቀርታችሁ ለማስተርጎም አትውሰዷቸው። ልጁ የቤቱን ጭንቀት ሁሉ ይሸከማል፤ ትምህርቱም ያልፈዋል። ቢሮው አማርኛ የሚናገር ሠራተኛ እንዲያገናኛችሁ ጠይቁ፤ ካልተገኘ ቋንቋ የሚያውቅ ጎረቤት ይዛችሁ ሂዱ። ዛሬ ማታ ትሉሾቻችሁን፣ የሥራ ውላችሁንና የባንክ ወረቀታችሁን በአንድ ከረጢት ሰብስቡ። ሥራ ያላችሁም ብትሆኑ አሁኑኑ ሰብስቡ፤ በቸገረ ቀን ከመፈለግ ይሻላል።

 ሥራችሁን ያጽናላችሁ።