ቃል ከባልንጀራው ጋራ
ለእንግሊዝኛ የንግግር ፈተና ስለ መዘጋጀት ለመምህራንና ለሽማግሎች የተደረገ ንግግር



ዛሬ በፊታችሁ ቆሜ የምናገረው፤ ልጆቻችን በእንግሊዝኛ ቋንቋ የንግግር ፈተና ሲቀርቡ ቃልን እንዴት አድርገው መሰብሰብና ማሰናዳት እንደሚገባቸው ነው። የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲከፈት ከውጭ አገር ቋንቋዎች ይልቅ የሚሠራበት ፈረንሳይኛ ነበር፤ ከ1933 ዓ.ም. ወዲህ ግን እንግሊዝኛ ስፍራውን ያዘ። ዛሬም የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው በዚሁ ቋንቋ ነው። ወደ ውጭ አገር ሄዶ ለመማር የሚፈልግ ወጣትም ብዙ ጊዜ አይኤልትስ የተባለውን ፈተና እንዲፈተን ይጠየቃል፤ የፈተናው ዋጋ ደግሞ ለድኻ ቤተ ሰብ ከባድ ሸክም ነው። ልጁ አፉ ተይዞ ሲመለስ የሚጠፋው ገንዘቡ ብቻ አይደለም፤ ተስፋውም ነው።

በአዲስ አበባ መካከል፣ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ ቡልጋሪያ የሚባል ሰፈር አለ፤ በዚያ የሚኖር አንድ ወጣት አውቃለሁ። ይህ ልጅ ስድስት ወር ሙሉ ከመዝገበ ቃላት ከባድ ከባዱን ቃል እየመረጠ ደብተሩን ሞላ። በፈተናው ቀን ፈታኙ የጠየቀው ግን ስለ ሰፈሩና እናቱ ስለምታበስለው ምግብ ነበር። ልጁም ደብተሩን በልቡ ቢያገላብጥ ለዚህ የሚሆን ነገር አጣ። የተከመረ ድንጋይ ቤት እንደማይባል ሁሉ፣ የተከመረ ቃልም ንግግር አይባልም።

እንግዲህ ቃል በምን ይጸናል ብለን ብንጠይቅ፣ መልሱን ከዚያው ከቂርቆስ፣ ከካዛንቺስ ስም እናገኘዋለን። ኢጣልያ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገራችንን በያዘበት ዘመን ለመንግሥቱ ሠራተኞች በዚያ ስፍራ ቤት ሠራ፤ ቤቶቹም በሠሪው ድርጅት ስም ‹ካዜ ኢንቺስ› ይባሉ ነበር። ሕዝቡ ይህን ስም ከመጽሐፍ አላጠናውም፤ ‹ወደ ካዛንቺስ እሄዳለሁ፤ ከካዛንቺስ መጣሁ› እያለ ከሌላ ቃል ጋራ አጣምሮ በየቀኑ ተናገረው እንጂ። ስለዚህም የባዕድ ቃል መሆኑ ተረስቶ የእኛ ሆነ። በ2017 ዓ.ም. ከሰፈሩ ብዙው ቤት ፈርሶ ነዋሪው ወደ ሌላ ስፍራ ተዛወረ፤ ስሙ ግን ከሰው አፍ አልፈረሰም። ቃል የሚጸናው ከባልንጀራው ጋራ ሆኖ ለሥራ ሲውል ነው።

ይህን አባቶቻችን አስቀድመው ያውቁት ነበር። በዋሸራም ሆነ በዋድላ የቅኔ ተማሪ ግስ ይማራል፤ ነገር ግን ግሱን አጥንቶ ዝም አይልም። የተማረውን ይዞ ቅኔ ይቆጥራል፤ በመጀመሪያ ሁለት ቤት ያለውን ጉባኤ ቃና ያበጃል፤ ከዚያም በነገራ ጊዜ ለመምህሩ ያቀርባል፤ መምህሩም ያርመዋል። ዛሬ የሰማው ግስ ሳይውል ሳያድር በአፉ ይሠራል። የእንግሊዝኛም ትምህርት ይህን መንገድ ቢከተል ይጠቀማል።

ቃልን ከባልንጀራው ጋራ መማር ማለት ምን እንደ ሆነ በምሳሌ ላስረዳ። እኛ ‹ቡና አፈላሁ› እንላለን፤ ልጁ ቃሉን ቃል በቃል ቢመልሰው ‹ቦይል ኮፊ› ይላል፤ የእንግሊዝኛው ልማድ ግን ‹ሜክ ኮፊ› ነው። እኛ ‹ጉንፋን ያዘኝ› ስንል ያዡ በሽታው ነው፤ እንግሊዞች ግን ‹አይ ኮት ኤ ኮልድ› ብለው ሰውን ያዥ፣ ጉንፋንን ተያዥ ያደርጉታል። አንዳንድ ጊዜም ሁለቱ ቋንቋዎች ይስማማሉ፤ ከባድ ዝናብ በእንግሊዝኛም ‹ሄቪ ሬይን›፣ ከባድ ነውና። ስለዚህ ልጁ ‹ኮልድ› የሚለውን ቃል ብቻውን ከሚጽፍ፣ ሙሉውን ሐረግ ጽፎ ስለ ራሱ አንድ ዓረፍተ ነገር ይናገርበት።

የፈተናውንም ሥርዓት ማወቅ ይጠቅማል። የአይኤልትስ የንግግር ፈተና ከ11 እስከ 14 ደቂቃ የሚቆይ ሲሆን ሦስት ክፍል አለው። በመጀመሪያው ተፈታኙ ስለ ቤቱ፣ ስለ ሥራውና ስለ ትምህርቱ ይጠየቃል፤ በሁለተኛው በተሰጠው ጉዳይ 1 ደቂቃ አስቦ እስከ 2 ደቂቃ ይናገራል፤ በሦስተኛው ጉዳዩ ሰፍቶ ክርክርና አሳብ ይጨመርበታል። ፈታኙ የሚመዝነው አራት ነገር ነው፤ የንግግሩን አፈሳሰስና ሥርዓት፣ የቃሉን ብዛትና አገባብ፣ ሰዋስውን፣ የድምፁን አወጣጥ። አራቱም እኩል ዋጋ ስላላቸው፣ የቃል ሀብት ብቻውን የፈተናው ሩብ ነው። በቃል የተጠና ረጅም መልስም አያዋጣም፤ ፈታኙ ያውቀዋልና።

እንግዲህ መምህራን ሆይ፣ ሦስት ነገር አድርጉ። አንደኛ፣ የልጁ ደብተር በፊደል ተራ ሳይሆን በኑሮ ተራ ይከፈል፤ ቤት፣ እርሻ፣ ገበያ፣ መንገድ፣ ሕመም እየተባለ። በየቀኑም አምስት ሐረግ ብቻ ይጻፍበት፤ በማግስቱ፣ ከሳምንት በኋላ፣ ከወር በኋላም ይደገም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንደሚባለው፣ ሃምሳ ቃልም ለአንድ ሌሊት ሸክም ነው፤ በዐሥር ቀን ቢከፈል ግን ጌጥ ይሆናል። በመቶ የትምህርት ቀን አምስት መቶ ሐረግ ይሞላል።

ሁለተኛ፣ ልጁ ቃል ሲጠፋበት እንዳይደነግጥ መውጫ መንገድ አስተምሩት። ለመሶብ የሚሆን እንግሊዝኛ ቢያጣ፣ ‹በእጅ የተሰፋ፣ ክዳን ያለው፣ እንጀራ የምናስቀምጥበት› ብሎ በሚያውቀው ቃል ይግለጠው። ይህ ጉድለት አይደለም፤ ፈታኙም እንደ ችሎታ ይቈጥረዋል። ጥያቄው ካልገባውም በትሕትና እንዲደገምለት መጠየቅን ይልመድ።

ሦስተኛ፣ በየሳምንቱ ልጁን አቁማችሁ 1 ደቂቃ አሳስቡት፤ 2 ደቂቃም አናግሩት። ሲናገር አታቋርጡት፤ ስሕተቱን ጽፋችሁ ከጨረሰ በኋላ አርሙት።

ሽማግሎች ሆይ፣ እንግሊዝኛ ባታውቁም ሥራ አላችሁ። ልጁ ማታ በእሳት ዳር ያየውን ነገር አስቀድሞ በአማርኛ ያውጋችሁ፤ እናንተም መቼ? ከማን ጋራ? ስለ ምን? እያላችሁ ጠይቁት። በገዛ ቋንቋው ነገርን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ማውጋት ያልቻለ በሰው ቋንቋ አይችልም። አውግቶ ከጨረሰ በኋላ ያንኑ ነገር በእንግሊዝኛ ይድገመው፤ እናንተ ባይገባችሁም አፉ መፍታቱን ዐይናችሁ ያያል።

ያ የቡልጋሪያው ልጅ ያጣው የከበደ ቃል አልነበረም፤ የእናቱን ማዕድ የሚናገርበት ቃል ነው። በዚህ መንደር የሚያድጉ ልጆች ግን ስለ ቤታቸው ሲጠየቁ እንዳያፍሩ፣ ከነገ ማታ ጀምራችሁ አምስቱን ሐረግ እንድታስጀምሯቸው አደራ እላለሁ።