ከሩቅ የሚወረወር ሳንቲም

ከሐረር ግንብ በኤረር በር ወጣ ሲሉ ገንደ ፌሮ የሚባል ሰፈር አለ። ስሙ የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ያክም የነበረውን ፈረንሳዊ ሐኪም ዣን ፌሮንን ያስታውሳል። የእሱን ጥሪ የሰሙ ጀርመናውያን በ1957 እ.ኤ.አ. በቩርዝቡርግ ማኅበር አቋቋሙ፤ በባቢሌ መንገድ የሚገኘው የቢሲዲሞ ሆስፒታልም በዚያ ምክንያት ተሠራ።

ዛሬ በሽታው ከ6 እስከ 12 ወር በሚወሰድ መድኃኒት ይድናል። ሕክምና የጀመረ ሰው ወደ ሌላው አያስተላልፍም። እኛ ግን ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ለተቀመጡት ሕሙማን አሁንም ሳንቲሙን ከሩቅ ወርወር አድርገን እናልፋለን፤ ምጽዋት ይባላል እንግዲህ። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 8 ጌታ ለምጻሙን በቃል ብቻ ማዳን ይችል ነበር፤ እሱ ግን ነካው።

ሕሙማኑ ጎረቤቶቻችሁ ከሆኑ እጃቸውን ጨብጡ፣ ለቡናም ጥሯቸው። አንድ ነገር ብቻ፦ ደዌው የጣትን ስሜት ስለሚያጠፋ ትኩስ ስኒ ሳይታወቃቸው ያቃጥላቸዋል። ጆሮ ባለው ኩባያ ቅዱላቸው።